ነክቻለሁ ሳልል የቀረሁበት ጭነት

እስካለፈው ሳምንት ድረስ ይህን ነገር ለሰው ተናግሬው አላውቅም። ለነፍስ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። ሦስት ዓመት ሙሉ ጾሜን እየጾምኩ፣ መስቀል እየተሳለምኩ፣ "ሌላስ ልጄ?" ሲሉኝ "ሌላ የለም አባቴ" እያልኩ ተመልሻለሁ። ሌላ ነበረ። ዋናው እሱ ነበረ። አሁን የምጽፈው ከልጄ የድሮ ደብተር በተረፈ ወረቀት ላይ ነው። ትምህርቴ ሦስተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነውና ፊደሉ ቢጣመም፣ ቃሉም ቢደጋገም የምታነቡት ታገሡኝ። ምነው የተጣመመው ፊደሉ ብቻ በሆነ።

ጌጤ እባላለሁ፤ መንዝ፣ ራቤል ከተማ ነው ያለሁት። ሱፍ እፈትላለሁ፣ ትንሽ የገብስ መሬት አለችኝ፣ ጥቂት በጎች አሉኝ። ባለቤቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ልጃችን ስንዱ የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች በሕመም አረፉ። ከእሷ ሌላ ልጅ የለኝም።

አባቴ የጭነት ሰው ነበሩ። በበቅሎና በአህያ እህል እየጫኑ ከደጋ ቆላ ሲወርዱ ኖሩ፤ እኛም ልጆቻቸው ገመድ ስናቀብል አደግን። ከእሳቸው የወረስኩት አንድ ሕግ ነው። ሌላ ሰው ያሰረውን ጭነት አትነካም። ዘንበል ብሎ አይተህ ልታቃናው ብትል፣ ሳታስበውም እጅህ ቢያርፍበት፣ ጮክ ብለህ "ነክቻለሁ!" ትላለህ። ያን ጊዜ የጫነው ሰው ምሳውን እየበላም ቢሆን ጉርሻውን ጥሎ ይነሣና ማሰሪያውን ከመጀመሪያው ይፈትሻል። ምክንያቱም ጭነት ቢወድቅ የሚጠየቀው የጫነው ነው። መንገዱ አይጠየቅም፣ በቅሎዋ አትጠየቅም። ነክቻለሁ ያለ ደግሞ አይወቀስም፤ እንዲያውም ይመረቃል። የሚረገመው ነክቶ ዝም ያለ ነው። አባቴ እንዲህ ያለውን ሰው ከሌባ አስበልጠው ይጠሉት ነበር። "ሌባ የሚወስደው እህል ነው፤ ይሄ የሚወስደው የሰው ስም ነው" ይሉ ነበር።

ይህን ሕግ የማላውቅ ብሆን ጥቂት ይቀልልኝ ነበር። አውቀዋለሁ። አውቄው ነው ነክቼ ዝም ያልኩት።

ነገሩ ወደ ቤቴ የመጣው በመኪና ሆድ ውስጥ ሆኖ ነው። ቢኒያም የሚባል ልጅ፣ እናቱ የግሼ ሰው የሆኑ፣ እሱ ግን አዲስ አበባ ያደገ፣ አንድ አሮጌ ረጅም ላንድክሩዘር ይዞ መጣ። የኋላ ወንበሮቹን ነቅሎ አውጥቶ ከሾፌሩ ጀርባ ያለችውን አንዷን ብቻ አስቀርቷታል። በቀረው ቦታ ሁለት ሞተሮች ጎን ለጎን ቆመዋል፣ ጋጣ ውስጥ እንዳሉ በቅሎዎች። መቀመጫ የላቸውም። ቀጫጭን ናቸው፤ ሁለት ሰው ፊትና ኋላ ከያዛቸው የሚነሡ። ሰፈርተኛው ከብቦ ሲያይ አንዱ "ኮርቻዋን ሸጣችሁ በላችሁት እንዴ?" ብሎ ሁሉን አሳቀ። ቢኒያም አልተቀየመም። የዚህ ሞተር ሥራ መንገድ መሄድ ሳይሆን ድንጋይ መውጣት ነው አለ። ቆመው ነው የሚነዱት፣ ከቋጥኝ ቋጥኝ ይዘሉበታል፣ እግሩን መሬት ያስነካ ነጥብ ይቆረጥበታል። ስፖርቱን ትራያል ይሉታል አለን። ከአዲስ አበባ ድረስ ድንጋይ ፍለጋ የመጣ ሰው እኛ ዘንድ ምን ይጎድለዋል?

ሞተሮቹ የሚያድሩበት ግቢ ሲፈልግ የእኔን አሳዩት። ባለቤቴ ለገብስ ጭነት ብለው ሰፊ በር ያወጡለት ግቢ ነው። እሺ አልኩ። ገና ምኑንም አላወቅሁም።

የመኪናው ሾፌር ጋሽ ሸዋንግዛው ናቸው፤ የአገራችን ሰው፣ ስድሳ የተጠጉ፣ በወጣትነታቸው በጭነት መኪና ረዳትነት ገብስና በግ ሲጭኑ የኖሩ። ሞተሮቹን መኪና ውስጥ መጫን የእሳቸው ሐሳብ ነበር። ጣራ ላይ ከጫንናቸው መኪናው አናቱ ይከብድና ጠመዝማዛው ላይ ይገለብጠናል፣ ተጎታችም መንገዳችን አያስኬድም፣ ሆዱ ውስጥ ይግቡ አሉ። አጫጫናቸውን ባያችሁት። ቤንዚኑን አስቀድመው በጀሪካን ይገለብጡና ውጭ ያስሩታል፣ ሰው በሚተነፍስበት ቤንዚን አይጫንም እያሉ። ሳንቃ ዘርግተው ሞተሯን ገፍተው ያስገባሉ። የፊት ጎማዋን ከፊት ወንበር ጀርባ ያስደግፋሉ። ከመሪዋ ግራና ቀኝ ሁለት ማሰሪያ ወለሉ ላይ ወደተበየዱት የብረት ቀለበቶች ያወርዱና የፊት ሞላዋ እስኪጨመቅ ይስባሉ። "ሞተር እንደ በቅሎ ናት፤ ፊቷ ከተያዘ ኋላዋ አይፈነጭም" ይላሉ። ሁለቱ እንዳይፋጩ የእኔ ባና፣ ወፍራሙ የሱፍ ብርድ ልብሴ፣ ታጥፎ መሀላቸው ይገባል። መጨረሻ ላይ መዳፋቸውን ያሳርፉባቸውና በስመ አብ ብለው ይወርዳሉ። ሳያቸው አባቴን ያየሁ ይመስለኝ ነበር።

ስንዱ ያን ጊዜ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወድቃ ቤት ከተቀመጠች ሁለተኛ ዓመቷ ነበር። ሰው ሲመጣ ጓዳ የምትገባ ሆና ነበር። ለሞተሮቹ ሳንቃ በማቀበል ጀመረች። ከዚያ መያዝ። ከዚያ መግፋት። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ከከተማው በላይ ካለው ቋጥኝ ሥር ሰው ተሰብስቦ አየሁ። ቀና ብል ልጄ ቋጥኙ ጫፍ ላይ ናት። ሞተሯ ላይ ቆማለች፤ አትሄድም፣ አትወድቅም፣ ጭልፊት አየር ላይ እንደምትቆመው ቆማለች። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጣልኩት። በነጠላው ውስጥ ግን ሳቋን ሰማሁ። ሁለት ዓመት ከቤቴ የጠፋውን ሳቅ። ለአንዲት እናት ያ ሳቅ አይበቃም ነበር? ለእኔ አልበቃኝም።

በሞተር ሰው የሞተባት ናት ትሉ ይሆናል። የለም። በሞተር የሞተብኝ ዘመድ የለኝም፣ ገደል የገባ ወንድም የለኝም። ከጥንትም ፈሪ ነኝ፤ መብረቅ ሲያጉረመርም የምደበቅ፣ በግ ሲዘገይ እንባ የሚቀድመኝ። ይህን የምናገረው ምክንያት እንዳታበጁልኝ ነው። እውነቱን ልናገር ከተነሣሁ ደግሞ የፈራሁት መውደቋን ብቻ አልነበረም። ዓለም ከተማ ላይ ትርኢት ሊደረግ ነበር። ከአዲስ አበባ የሚመጡ ሰዎች ያዩዋታል፣ ከወደዷት ወስደው ያሠለጥኗታል ተባለ። ብትወድቅ ወደ ቤቴ ትመለሳለች። ባትወድቅስ? የምትሄደው ባትወድቅ ነው። እንግዲህ የፈራሁት መውደቋን ነበር ወይስ አለመውደቋን? ሦስት ዓመት ራሴን ጠይቄ መልሱን እያወቅሁት ሳልመልሰው ኖርኩ።

ስለት ተሳልኩ። "ቅዱስ ሚካኤል ሆይ፣ ልጄን ከዚያ መቀመጫ ከሌለው ነገር ላይ አውርድልኝ፣ ባለ ዘርፍ ጥላ አገባልሃለሁ" አልኩ። በልቤ አይደለም፤ ሴቶች በተሰበሰቡበት ጮክ ብዬ ነው። አሜን አሉልኝ። ከዚያ ጠበቅሁ። የትርኢቱ ቀን እየቀረበ መጣ፣ ስንዱ ደግሞ ጭራሽ ባሰባት፤ እህል ውኃ የምትረሳ ሆነች። ሚካኤል ዘገየብኝ። እኔም ልርዳው አልኩ። እንዲህ ነው ያልኩት፤ ልርዳው።

የሚሄዱበት ጠዋት ነው። ቢኒያም ቦታውን ሊያዘጋጅ ቀደም ብሎ በአውቶቡስ ሄዷል። ጋሽ ሸዋንግዛው ሁለቱንም ሞተሮች አስገብተው አስረው መዳፋቸውን አሳረፉ። ባናው ብቻ ነው የቀረው። ታጥቦ አልደረቀም ብዬ ያስቀረሁት እኔ ነኝ። ደርቆ ነበር። ሻይ ቀዳሁላቸው፣ ዳቦ ቆረስኩላቸው፣ "እርስዎ ይቅመሱ ጋሼ፣ ባናውን እኔ አስገባዋለሁ" አልኳቸው። "እሺ ልጄ፣ መሀል ላይ ጣል አድርጊው፣ ማሰሪያውን ብቻ እንዳትነኪ" አሉኝ።

ገባሁ። ባናውን በሁለቱ መሀል አደረግሁት። የስንዱ ሞተር ግራ በኩል ያለችው ናት፤ የቀኝ ማሰሪያዋ ከፊቴ አጠገብ ነበር። የጭነት ሰው ልጅ ነኝ። እንዴት እንደሚጠብቅ የሚያውቅ እጅ እንዴት እንደሚላላም ያውቃል። ዘለበቱን አነሣሁ፣ አራት ጣት ያህል ለቀቅሁ፣ መልሼ ጫንኩት። ላየው ሰው የታሰረ ነው። "አልቆረጥኩም፣ አላላሁት እንጂ" እያልኩ ራሴን ስሸነግል ኖሬያለሁ። ፈትቼዋለሁ። ምን አስቤ? ሞተሯ ትወድቃለች፣ አንድ ነገሯ ይሰበራል፣ ትርኢቱ ያልፋል፣ የሚሰበረው ዕቃ ነው ብዬ። ኋላ ሰው አይቀመጥም ነበር፤ ስንዱ ሁልጊዜ ፊት ነው የምትቀመጠው።

ከመኪናው ስወርድ ያቺን ቃል ማለት ነበረብኝ። አላልኩም።

ሊነሡ ሲሉ አንዲት ነፍሰ ጡር ከባሏ ጋር ደረሰች። መሐል ሜዳ ሆስፒታል ሄደሽ ታዪ ተብላ መኪና ያጣች ናት። ጋሽ ሸዋንግዛው ሁለቱንም ፊት አስቀመጧቸው። ስንዱም "እኔ ኋላ እገባለሁ" አለች። ያቺ የቀረችው አንድ ወንበር ላይ። ከሞተሯ በግራ በኩል።

አየኋት። ስትገባ አየኋት፣ ጉልበቷን ከሞተሯ ጋር አስነክታ ስትቀመጥ አየኋት። ሞተሯ ቀኟ ከተፈታ ወዴት እንደምትወድቅ አውቃለሁ። የሚያስፈልገው አንድ ቃል ነበር። አንዷን ቃል ባወጣት ጋሽ ሸዋንግዛው ወርደው ይፈትሻሉ፣ ያጠብቃሉ፣ ለምን ነካሽ የሚለኝም የለም። ግን ያቺ ቃል ከወጣች ሌላው ሁሉ ተከትሏት የሚወጣ መሰለኝ። አፌን ከፈትኩ። "በሰላም ግቡ" አልኩ።

እንዴት ያለች እናት ናት እንዲህ የምትል? እኔ ነኝ።

የሆነውን ከነገሩኝ ነው የማውቀው። የጓሳን ሣር ምድር ጥግ ይዞ በሚሄደው መንገድ፣ አንድ ቁልቁል መታጠፊያ ላይ፣ ሞተሯ ወደ ግራ ጋደለች። ጋሽ ሸዋንግዛው በመስታወት አዩ። ፍሬን ረግጠው ቀኝ እጃቸውን ወደ ኋላ ወረወሩ፤ ብረቱ የስንዱን ራስ ሳያገኝ ያዙት። የመኪናው አፍንጫ ከመንገዱ ዳር ቦይ ገብቶ ቆመ። ነፍሰ ጡሯም ባሏም ደህና ናቸው። ስንዱ ግንባሯ ተቧጠጠ። የጋሽ ሸዋንግዛው እጅ ግን በሞተሯ መሪና በወንበሩ ብረት መሀል ቀርቶ ነበር። አንጓቸው ተሰበረ። ወጌሻም አሸላቸው፣ ሆስፒታልም ታሰረላቸው፤ ሁለት ጣታቸው እስከ ዛሬ አይጨብጥም። ልጄን ከእኔ እጅ ያተረፋት ያ እጅ ነው።

ቢኒያም ምን ሆነ ብሎ ሲጠይቅ "የጫንኩት እኔ ነኝ፤ የምጠየቀውም እኔ ነኝ" አሉና የመኪናውን ቁልፍ በደህናው እጃቸው አስረከቡ። አይሂዱ ብሎ ለመናቸው፣ አልሰሙትም። ሞተሮቹን ይዞ አዲስ አበባ ገባ። ሰው ደግሞ አፉን መች ይይዛል? አንዱ አርጅተዋል አለ፣ አንዱ ጠጥተው ነው አለ። ያን ጠዋት የጠጡት ሻይ ነው። የቀዳሁት እኔ ነኝ። ጠጥተው ነው ሲባል እየሰማሁ ዝም አልኩ።

ጋሽ ሸዋንግዛው እጃቸው በአንገታቸው እንደታሰረ፣ ሁለት ሽማግሌ ይዘው ቤቴ መጡ። ልጅሽን ለአደጋ ዳርጌብሻለሁና ይቅር በይኝ ብለው ጉልበቴን ሊስሙ ጎንበስ አሉ። እኔ ጉልበታቸውን መሳም የሚገባኝ ሰው። ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ፤ መሬት ግን የሰውን ሥራ አትሠራም። "እግዚአብሔር ይቅር ይበልዎ ጋሼ፣ ሰው ይሳሳታል" አልኳቸው። ሽማግሌዎቹ መረቁኝ። ሆደ ሰፊ ናት ተባልኩ።

በዚህም አላበቃሁ። ስንዱ ከሞተር ወርዳለችና ሴቶቹ "ስለትሽ ሰመረ አይደል፣ ምን ትጠብቂያለሽ?" ይሉኝ ጀመር። አልሰመረም ብል ለምን ሊሉኝ ነው። ሁለት በግ ሸጬ ጥላ ገዛሁ፤ ቀይ ከፋይ፣ ዙሪያውን የወርቅ ዘርፍ ያለው። ለኅዳር ሚካኤል አስገባሁት። እልልታው ቀለጠ። ጋሽ ሸዋንግዛው ከወንዶቹ መሀል ወጥተው መጡና "እሰይ፣ እንኳን ደረሰልሽ ልጄ" አሉኝ። ከልባቸው። የመላእክቱን አለቃ ዘለበት ፈቺ አድርጌው፣ ደመወዙን በአደባባይ ከፈልኩት። በየወሩ በአሥራ ሁለት ያ ጥላ ሲዘረጋ መሬት መሬት አያለሁ። ሰው ትሕትና ይመስለዋል።

ሦስት ዓመት እንዲህ ሄደ። ስንዱ ከእኔ ጋር ተቀምጣ ስትፈትል ትውላለች። አታኮርፍም፣ አትስቅም። ጋሽ ሸዋንግዛው ወፍጮ ቤት ተቀምጠው ጆንያ ይቆጣጠራሉ፤ ጆንያ ማሰር ግን ለሌላ ሰው ይሰጣሉ። በግ እንኳ የሚያስሩት ባለቤታቸው እትዬ ብዙነሽ ናቸው አሉ። ሰማሁ፤ ሰምቼም ፈተልኩ።

ባለፈው ሳምንት ቢኒያም ያንኑ ላንድክሩዘር፣ ሁለቱን ሞተሮች እንደ ድሮው ሆዱ ውስጥ ይዞ መጣ። ዓለም ከተማ እንደገና ትርኢት አለ፣ ትመጫለሽ ወይ ብሎ ስንዱን ጠየቃት። የስንዱ ፊት ሲበራ አየሁ። ቀጥላ ግን "ጋሽ ሸዋንግዛው ከጫኑ እሄዳለሁ። አለዚያ አልሄድም" አለች። ሄዶ ለመናቸው። "እጄ አይታመንም" ብለው መለሱት። ስንዱም ተመልሳ እንዝርቷን አነሣች።

ይኸውላችሁ፣ ስለቴ ሁለተኛ ጊዜ ሰመረልኝ። አሁን ምንም መንካት አያስፈልገኝም። ዝም ብል ልጄ አጠገቤ ትቀራለች፤ የሚያውቅ የለም፣ የሚጠይቅ የለም። እንዝርቷ ስትዞር እያየሁ ተቀመጥኩ። የሃያ አራት ዓመት ልጅ ናት። በአንድ ሰው የጠፋ ስም ላይ አስሬ ያስቀመጥኳት መሆኔ ያን ጊዜ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ተነሣሁ። ደፋር ሆኜ አይደለም፤ መቀመጡ ከመነሣቱ ይልቅ ስላስፈራኝ ነው። ወፍጮ ቤቱ ጋ ስደርስ ሁለት ጊዜ ተመለስኩ። ሦስተኛው ላይ እሳቸው ራሳቸው አዩኝና "ምነው ጌጤ፣ እህል አመጣሽ?" አሉኝ። ቤት እንሂድ አልኳቸው።

ቤታቸው ደጃፍ፣ እትዬ ብዙነሽ ሽንኩርት እየላጡ በተቀመጡበት፣ መንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋብኝ። የአባቴ ቃል ብቻ ቀረ።

"ጋሼ፣ ነክቻለሁ" አልኩ።

የጭነት ሰው ናቸው። ምኑን፣ መቼ አላሉም። "የቱን?" አሉኝ።

"የቀኙን። በባናው በኩል ያለውን።"

ዓይናቸውን ጨፈኑ። ያ የማይጨብጠው እጃቸው አየር ላይ ተነሣ፤ ማሰሪያ እንደሚስብ ሰው ወደ ደረታቸው ሄደ፣ ተመለሰ። "ያንን እኮ አጥብቄው ነበር" አሉ።

"አጥብቀውት ነበር ጋሼ።"

"ሁለት ጊዜ ስቤዋለሁ።"

"ስበውታል።"

ይቆጣሉ ብዬ አንገቴን ደፍቼ ጠበቅሁ። ሲስቁ ሰማሁ። ትንሽ፣ የተሰበረች ሳቅ። ቀና ብል እንባቸው ጢማቸው ውስጥ ገብቷል። "ሦስት ዓመት ሙሉ ያቺን ማሰሪያ በሐሳቤ ስፈታ ስቋጥር ነው የኖርኩት" አሉ። "እንግዲያው እጄ ደህና ነው።"

ይህን ብቻ ነው ያሉት። እጄ ደህና ነው። እኔ ስድብ ስጠብቅ እሳቸው እጃቸውን መልሰው አገኙ። እትዬ ብዙነሽ ግን ቢላዋውን አስቀምጠው "አንቺ! ይቅር ይበልዎ ያልሽው በዚህ አፍሽ ነው?" አሉኝና ገብተው በራቸውን ዘጉ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታዬን አይመልሱም። ልክ ናቸው።

ጋሽ ሸዋንግዛው እስከ መንገዱ ሸኙኝ። "ለእኔ ነገርሽኝ፣ ጥሩ ነው። ስሜ የጠፋው ግን በአደባባይ ነው" አሉ። ለእሑድ ሰንበቴ፣ ያው ሰው ሁሉ በሚሰበሰብበት፣ እንደምናገር ቃል ገባሁላቸው። ይህን የምጽፈው ቆሜ ስናገር ቃል እንዳይጠፋኝ ነው፤ ደግሞም ሰንበቴ የማይደርሱ ያንብቡት ብዬ ነው።

ለስንዱ የነገርኳት የዚያኑ ዕለት ነው። ሱፍ እያባዘተች ነበር። እስክጨርስ ቀና አላለችም። ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

"ኋላ ስገባ አይተሽኛል?"

አላየሁም ማለት ይቻል ነበር። ጓዳ ነበርኩ ማለት ይቻል ነበር። "አይቼሻለሁ" አልኳት።

ሱፉን አስቀምጣ ወጣች። አራት ቀን አልተናገረችኝም። በአራቱም ቀን ግን ከቋጥኙ ሥር የሞተር ድምፅ እሰማ ነበር። ስትለማመድ ነው።

ትናንት ጠዋት ጋሽ ሸዋንግዛው በሰፊው በር ገቡ። ሊጭኑ። ማሰሪያውን ስንዱ ትስባለች፣ እሳቸው በደህናዎቹ ጣቶች ይዳስሳሉ፤ "ትንሽ፣ ትንሽ፣ በቃ፣ ሞላዋ እኮ ተነፈሰች" እያሉ ያሾፉባታል። መዳፋቸውን አሳርፈው በስመ አብ አሉ። እኔ ከቤቱ ጥግ ቆሜ ነበር፤ ወደ መኪናው መጠጋትም አፍሬ። ስንዱ መጥታ ባናውን በእጄ ላይ አደረገችው።

"አንቺ አግቢው" አለች።

ገባሁ። ባናውን መሀላቸው አደረግሁት። እጅጌዬ ማሰሪያውን ይንካ አይንካ አላውቅም። ወርጄ፣ ጎረቤት እስኪሰማ፣ "ነክቻለሁ!" አልኩ። ጋሽ ሸዋንግዛው ዳቧቸውን ሳንቃው ላይ ጥለው ገቡ። አራቱንም ማሰሪያ አንድ በአንድ ሳቡ። አልተቻኮሉም። ሲወጡ "ደህና ነው" አሉ፣ ለእኔ ሳይሆን ለስንዱ። ዳቧቸውን አንሥተው አራግፈው በሉ።

ወደ ማታ ስልክ ተደወለ። "ደርሰናል እማዬ። ጭነቱ አልተነቃነቀም" አለችኝ። ይቅር ብዬሻለሁ አላለችም፤ እኔም አልጠየቅኳትም። እማዬ ግን ብላኛለች። ለጊዜው በእሷ እኖራለሁ።

ነገ እሑድ ነው። ትርኢቱም ነገ ነው። እሷ ድንጋዩ ላይ ስትቆም እኔ ሰንበቴው መሀል እቆማለሁ። ከሁለታችን ፈሪዋ እኔ ነኝ። ከወደዷት ይውሰዷት። አለቅሳለሁ፣ ግን ሰፊውን በር የምከፍተው እኔ ነኝ።

ያንን ጥላ ባያችሁ ጊዜ ሁሉ እልል ያላችሁ፣ ቅዱስ ሚካኤል ዘለበት አልፈታም። ጋሽ ሸዋንግዛውን ያማችሁ፣ ለእኔ ይቅርታ ከማሰባችሁ በፊት ሄዳችሁ እሳቸውን ይቅርታ ጠይቁ። ፈርታ ነው አትበሉልኝ። እናት ናት አትበሉልኝ። የጫኑት እሳቸው ናቸው፤ አጥብቀው ነው የጫኑት። የፈታሁት እኔ ነኝ።